በሪባን ስለ ታሰረው ድምፅና ስለ ልጅ ልጄ ግራ ዳሌ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፤
በቢሮዎ፤ በቢሮዎ ከሌሉ በስብሰባዎ።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጤናዎን የምመኘው ለወጉ ያህል ሳይሆን ከልቤ ነው፤ እርስዎ ቢታመሙ ወረፋ የሚይዙት በራስዎ ሆስፒታል ነውና ይህን ለጠላቴም አልመኝም ብዬ ልቀጥል ስል፣ አጠገቤ ተቀምጣ የምትሰፋው ባለቤቴ «ገና ከመግቢያው ልትወጋቸው ነው?» ስላለችኝ ትቼዋለሁ። ስለዚህ በአጭሩ፦ ጉልበትዎ ይጽና፣ ወገብዎ አይጉበጥ፣ ዳሌዎ ከማቀፊያው አይንሸራተት። የመጨረሻው ምርቃት ያልተለመደ ከመሰለዎ ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ ይለምዱታል።

ራሴን ላስተዋውቅ። ከሆስፒታሉ ዋና በር አጠገብ በእግር የሚዘወር ድንጋይ ይዤ መቀስና ቢላዋ የምስል ሰው ነኝ። ያውቁኛል፤ መኪናዎ በሩ ላይ ጡሩምባ ስትነፋ ድንጋዬን አቁሜ እጅ የምነሳው እኔ ነኝ፤ እርስዎም ከመስታወቱ ውስጥ አንገትዎን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ ለእኔ ይሁን በስልክ ለሚያወሩት ሰው እስካሁን አልተጣራም። ሰፈርተኛው «ስለት» ይለኛል። ስሙ የወጣልኝ በቢላዋው ይሁን በምላሴ፣ እሱም እንዲሁ አልተጣራም።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ክቡርነትዎ ይህችን ዓረፍተ ነገር ደግመው ቢያነቧት ቅር አይለኝም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የእኔ ጸሐፊ አውራ ጣቴ ነበር፤ ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ስሜም፣ እሺታዬም፣ አቤቱታዬም እሱው ነበር። አሁን ግን የማታ ትምህርት ገብቼ፣ ከሀ እስከ ፐ ያሉትን አንድ በአንድ አንገታቸውን ይዤ አሳምኛቸዋለሁ። መምህራችን «እንደ አንተ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም» ስትል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ በቅናት መሆን አለበት። ብቻ ማንበብ አንዴ ከጀመሩት አያስቆምም። የመድኃኒት ካርቶን አነባለሁ፣ የበር ቁጥር አነባለሁ፣ በሆስፒታልዎም ሳሙና ኖሮት ከማያውቅ ቧንቧ በላይ የተለጠፈውን «እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ» የሚለውን ባለፍኩ ቁጥር አነበዋለሁ፤ ጽሑፉ ንጹሕ ነው።

አቤቱታዎቼን በቁጥር ለይቻቸዋለሁ። ቁጥሩን በግዕዝ ያደረግሁት ስለምችል ነው፤ ሌላ ምክንያት አይፈልጉለት።

፩ኛ፦ ስለ ጸጥታው።

ሁልጊዜ ድንጋዬን የምተክለው በአጥርዎ ጥላ ሥር ነበር። አንድ ጠዋት ግን የበር ጥበቃው ቆቡን አስተካክሎ መጣና «ጋሼ ስለት፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ፍጭትዎን ከዚህ ያርቁልኝ፤ ውስጥ በድምፅ የሚሠራ መሣሪያ ገብቷል፣ ሕፃናት ይመረመሩበታል፣ ጫጫታ ይረብሸዋል ተብሏል» አለኝ። እኔም ለሳይንስ ክብር የማልሰጥ ሰው አይደለሁምና፣ የሕፃናት ነገር ከሆነማ ብዬ ድንጋዬን ተሸክሜ ከመንገዱ ማዶ ፀሐይ ላይ ሰፈርኩ። አናቴ እስኪላጥ ድረስ ዝም ብዬ ሠራሁ። ኋላ እንደተረዳሁት ግን መሣሪያው ለውጭ ጫጫታ ደንታ የሌለው ነው፤ ደንታ ቢኖረውም እንኳ በዚያን ጊዜ ገና ከካርቶኑ አልወጣም ነበር። የተኛን ካርቶን ከእንቅልፉ እንዳልቀሰቅስ ስለ ተደረገልኝ ጥንቃቄ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪ኛ፦ ስለ ልጅ ልጄ አመጣጥ።

ይህኛው አቤቱታ አይደለም፤ ምስጋና ነው። ቁጥር የሰጠሁት እንዳይጠፋብዎ ነው፤ ምስጋና በእናንተ መሥሪያ ቤት ቶሎ እንደሚጠፋ ሰምቻለሁ።

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን የተገላገለችው በእርስዎ ሆስፒታል ነው። ሌላው ሰው ወደዚህ ዓለም በጭንቅላቱ እየተገፈተረ ሲገባ፣ የእኔ የልጅ ልጅ ግን «እኔ በእግሬ ነው የምገባው» ብላ እግሯን አስቀድማ መጣች፤ ኩራቷ በማን እንደ ወጣ ትሕትና አያስነግረኝም። አዋላጆችዎ እንዲህ ያለችውን እልኸኛ አሳምረው ተቀበሏት፤ እጃቸው ይባረክ። የልጄ አማት ወዲያው ተረክበው፣ ቀጥ ብላ እንድታድግ በሚል እግሮቿን ገጥመው እንደ ሻማ ጠቅልለዋት ነበር፤ ትልቋ አዋላጅ ግን መጥታ «እትዬ፣ እግሯን ለቀቅ ያድርጉላት፣ ሕፃን እግሩን አጥፎ ሲንፈራገጥ ነው ዳሌው የሚበረታው» ብላ ፈታችው። ከዚያም ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ጉልበቶቿን አጥፋ፣ እንደ መጽሐፍ ቀስ አድርጋ ግራና ቀኝ ስትከፍታቸው፣ በግራው በኩል ከጣቷ ሥር አንድ ነገር ቋ አለ። ሕፃኗ አላለቀሰችም። አያምማትም፤ የዚህ ነገር ተንኮሉም ይኸው ነው አሉ።

አዋላጇ ፊቷን ሳትለውጥ «ከዘመድ መካከል ሲራመድ የሚያነክስ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። በክፍሉ ያለን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጣሪያውን መመርመር ጀመርን። ባለቤቴ ግን ከወንበሯ ሳትነሳ «እኔ አላነክስም፤ መሬቱ ነው ወደ ግራ የሚያዘነብለው» አለች። አዋላጇ ሳቀችና እጇን ያዝ አድርጋ «እማማ፣ መሬቱ ለልጅ ልጅዎም እንዳያዘነብል ብዬ እኮ ነው የምጠይቅዎ» አለቻት።

ከዚያም አስረዳችን፤ እኔም እንደ ገባኝ ለክቡርነትዎ አስረዳለሁ፣ ምናልባት ስብሰባው ላይ አልተነሳ እንደሆነ። የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ናት፤ የምትቀመጥበት የዳሌ ማቀፊያ ደግሞ እንደ ጎድጓዳ ሳህን። ሳህኑ ዝርግ ሆኖ ከተሠራ ኳሷ ትንሸራተታለች። የአራስ አጥንት ለጋ ስለሆነ፣ በጊዜ ከታወቀ፣ እግሮቹን እንደ እንቁራሪት ከፈት አድርጎ በሚይዝ የጨርቅ ማንገቻ ለጥቂት ጊዜ ማሰር ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ኳሷ ራሷ ሳህኑን እየገፋች ቤቷን ታበጃለች። ከዘገየ ግን ነገሩ ወደ ቢላዋ ይሄዳል አለችን። ክቡር ሆይ፣ እኔ በቢላዋ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ፤ ስለ ቢላዋ ክፉ ተናግሬ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ቃሉን ስሰማ ጆሮዬን ቀፈፈኝ።

«ስለዚህ በድምፅ ትታይ» ብላ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ላከችን።

፫ኛ፦ ስለ ማስታወቂያው።

የኮሪደሩ መጨረሻ በር ላይ ያማረ ማስታወቂያ ተለጥፏል። በቤተሰባችን ማንበብ የሚችሉ ሌሎችም አሉ፤ ማንበብን እንደ እኔ የሚያደምቅ ግን የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ዝም አሉና ጣቴን ከፊደሎቹ ሥር እያስኬድኩ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ወለሉ በሙሉ እስኪሰማ አነበብኩት፦ «የአራስ ሕፃናት የዳሌ ምርመራ በድምፅ ይከናወናል።»

አሁን ፍርዱን ለእርስዎ እተዋለሁ። በዚያው ሰሞን በማታ ትምህርት ቤታችን የክፍል አለቃ ስንመርጥ፣ መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ምርጫው በድምፅ ይከናወናል» ብላ ጽፋ ሁላችንም እጃችንን አውጥተን ነበር፤ በነገራችን ላይ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ይህን ያህል የተማረ ሰው በሆስፒታል በር ላይ «በድምፅ» የሚል ቢያነብ ምን ይረዳል? «ቤተሰብ ድምፅ ሊሰጥ ነው» ብዬ አስታወቅሁ። የልጄ አማት «እሰይ፣ እኛ ካልመሰከርንላት ማን ይመስክርላት!» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው እጃቸውን ከሁላችን ቀድመው ሰቀሉ። እኔም ሰቀልኩ። አልጋዋን ትታ የተከተለችን ልጄም ሰቀለች።

የምስል ባለሙያዋ በሩን ስትከፍት የተሰቀለ እጅ በተሰቀለ እጅ ሆነባትና «ምነው? ማነው እጅ ወደ ላይ ያላችሁ?» አለች። እኔም በክብር «ልጄ፣ ድምፅ ልንሰጥ ነው፤ እስካሁን ሦስት ሰው ዳሌዋ ደህና ነው ብሏል» አልኳት። የልጄ ባል፣ ሹፌሩ አማቼ፣ እጆቹን ኪሱ ከቶ «እኔ ድምፀ ተአቅቦ ነኝ፤ በእናቴና በአማቴ መካከል ገብቼ አላውቅም» አለ። ባለቤቴ ብቻ እጇን ጉልበቷ ላይ እንዳስቀመጠች «የእኔ አይነሳም፤ መጀመሪያ ትታይ» አለች።

ባለሙያዋ የበሩን መቃን ይዛ እስክትደገፍ ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ መሣሪያው ወደ ሰውነት ድምፅ እንደሚልክ፣ ድምፁ አጥንቱን ነክቶ እንደ ገደል ማሚቶ ሲመለስ መሣሪያው ከዚያ ማሚቶ ሥዕል እንደሚሠራ፣ ጨረር የለው ሕመም የለው፣ በጥሩ ሁኔታ አስረዳችን። «ደግሞ ድምፁን ጆሮ አይሰማውም» ስትለኝ «እሱንስ እናውቀዋለን ልጄ፤ እኛ ለዚህ መሥሪያ ቤት ስናመለክት የምናወጣው ድምፅ እኮ ነው» አልኳት። እዚህ ላይ ግን ለመሣሪያው ፍትሕ ማጉደል አልፈልግም፤ የእሱ ድምፅ ሄዶ ይመለሳል።

«በይ እሺ፣ እዪልን» አልናት። ሳቋ ያን ጊዜ ቆመ።

፬ኛ፦ ስለ ሪባኑ።

መሣሪያው ክፍሉ መሃል ቆሟል፤ ያምራል፤ ወገቡ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮለታል፣ አበባ የመሰለ ቋጠሮ ያለው። አጠገቡ መደርደሪያ ላይ ማንገቻዎቹ በላስቲካቸው እንዳሉ ተደርድረዋል። ባለሙያዋ ወደ ሪባኑ እያየች «አባቴ፣ ገና አልተመረቀም» አለችኝ። ክቡር እንግዳ ከበላይ መጥተው ይመርቁታል፤ ክቡር እንግዳው ግን በመጀመሪያ መንገድ ሄዱ፣ ቀጥሎ ዐውደ ጥናት ገጠማቸው፣ ቀጥሎ የሪባኑ ቀለም እንደገና ይታይ ተባለ። እስከዚያው ግን፣ አገልግሎት የጀመረ መሣሪያ ምኑ ይመረቃል በሚል፣ ማንም እንዳይነካው አስተዳደር ኮሚቴው በአብላጫ ድምፅ ወስኗል።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ እጅዎን ጨብጬ ላመሰግንዎ እፈልጋለሁ። ቤተሰቤ «አሳሳትከን፣ በሰው ፊት አዋረድከን» ብለው ሊጨርሱኝ ነበር፤ ለካስ ያነበብኩት ልክ ነበር! በእርስዎ ሆስፒታል የሕፃን ዳሌ የሚታየው እውነትም በድምፅ ነው፤ እጅ ወጥቶ፣ ተቆጥሮ፣ በአብላጫ። ልዩነቱ እኛ ሕፃኗን ይዘን እጃችንን ማውጣታችን ብቻ ነው።

አንድ የማልረዳው ነገር ግን አለ። እኔም ገና አልተመረቅሁም፤ የማታ ትምህርት ቤቱ የምረቃ በዓል ገና ነው። ሆኖም መምህራችን «ምረቃ እስኪደርስ ድረስ ያወቃችኋቸውን ፊደሎች እንዳትነኳቸው» አላለችንም። ብላን ቢሆን ኖሮ እርስዎ አሁን ይህን ደብዳቤ አያነቡም ነበር፤ ይህም ምናልባት ለኮሚቴው አሠራር አንድ ጥሩ ነጥብ ሊሆን ይችላል።

፭ኛ፦ ስለ ፎቶግራፉ።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎ ለምረቃው የሚሆን ፎቶግራፍ ለማንሳት ጸጥ ያለች፣ ጉንጯ የሞላ ሕፃን ፍለጋ የአራሶችን ክፍል ዞረው፣ ከዚያ ሁሉ ሕፃን መካከል የእኔን የልጅ ልጅ መረጧት። ይህ አያስደንቅም፤ መልኳ በእኔ ነው። የልጄ አማት አጥበው ቀብተው አቀረቧት። ሪባኑ ሳይፈታ ወደ ጎን ሸርተት ተደረገ፤ ለፎቶው ድምቀት ሲባል መሣሪያው በራ። ባለሙያዋ ጄሉን ቀብታ መመልከቻውን ዳሌዋ ላይ ስታሳርፍ ኃላፊው «እህቴ፣ እንዲያው አስነኪው፣ መሥራት አያስፈልግም» አሏት፤ ፎቶ አንሺውም «ሁላችሁም ፈገግ በሉ» አለ። ሁላችንም ፈገግ አልን፤ ሕፃኗ አዛጋች። አንዲት ሰው ብቻ ወደ ካሜራው ማየት ትታ ሥዕሉ ወደሚታይበት የመሣሪያው መስታወት ዞረች። ባለሙያዋ ናት።

ፊቷን ሳይ ፈገግታዬን የት እንደማኖረው ጠፋኝ። ቀኙን አየች፤ ኳሷ ሳህኗ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ግራውን አየች፣ ደግማ አየች፤ ሳህኑ ዝርግ ነው፣ ኳሷም ግማሽ አካሏ ከጠርዙ ወጥቷል። እኔ እንኳ፣ ይህን ሥዕል ማንበብ ያልተማርኩት፣ ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ አየሁ። ባለቤቴ ነጠላዋን ወደ ፊት ሳበችው።

«እንግዲያው ውጤቱን ጻፊልንና ማንገቻውን ስጪን» አልናት። እንዳትጽፍ ታዘዘች፤ ያ ልምምድ እንጂ ምርመራ አልነበረም ተባለ። ውጤት ከሌለ ማንገቻ አይወጣም። ወደ ሌላ ሆስፒታል እንዳንሄድ መላኪያውን የሚጽፈው ይኸው ክፍል ነው፤ ክፍሉ ደግሞ ገና አልተመረቀምና የለም። ባለሙያዋ ኃላፊዎቿን ለምና ለምና፣ በመጨረሻ እኔን ኮሪደር ላይ አግኝታ «አባቴ፣ እኔ መጮህ አልችልም፤ እርስዎ ግን መጻፍ ይችላሉ አሉ» አለችኝ። ዝናዬ እስከዚያ መድረሱን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ፎቶግራፉ ግን ታትሞ፣ አድጎ፣ በዋናው አዳራሽ ሰሌዳ ላይ «ዘመናዊ አገልግሎታችን» ከሚል ጽሑፍ በታች ተለጥፏል። ክቡርነትዎ በየጠዋቱ ያልፉበታል። እባክዎ አንድ ጊዜ ቆም ይበሉ። ከእኔ ፈገግታ በስተ ግራ፣ ከባለሙያዋ ትከሻ በላይ፣ የመሣሪያው መስታወት ይታያል፤ በመስታወቱ ላይ የልጅ ልጄ ግራ ዳሌ አለ። ሆስፒታሉ ሕመሟን በትልቁ አሳትሞ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ ለቅሶ ደራሽም፣ ቧንቧ ሠሪም፣ ጠያቂም እያየው ያልፋል። አላየሁትም የሚለው ሆስፒታሉ ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ላለው ቁጥር አልሰጠሁትም። በግዕዝም ቢሆን ቁጥር አይገባለትም።

ባለቤቴ በሕፃንነቷ ዘግይታ ነው አሉ የሄደችው። «ሰነፍ ናት» አሏት። መሄድ ስትጀምር ወደ አንድ ወገን ስታጋድል «ታድግበታለች» አሏት። አላደገችበትም፤ የሰፈር ልጆች «ሚዛኗ» የሚል ስም አወጡላትና ከስሙ ጋር አደገች። ከዚያም ብዙ ቆማ መሥራት ስለማይሆንላት ልብስ ስፌት ተማረች፤ እኔም የልብስ ሰፊዎችን መቀስ ልስል ወደዚያ ስሄድ አገኘኋት። ከጀርባዬ ስትመጣ በኮቴዋ አውቃት ነበር፦ ረገጥ፣ ሳብ። ረገጥ፣ ሳብ። ያን ድምፅ ስሰማ ሥራ የበዛበት ሰው ለመምሰል ድንጋዬን በባዶው አዞረው ነበር። ለእኔ ዘፈን ነበር። ለእሷ ሕመም መሆኑን ያወቅሁት ከተጋባን በኋላ፣ ከስፌት ተነስታ ዳሌዋን በሞቀ ጨርቅ ይዛ ስትቀመጥ ሳይ ነው። ያን ጊዜም ትቀልዳለች፤ በቤታችን ቀልደኛው እኔ ነኝ ብዬ ብፎክርም፣ እውነቱን ለመናገር እኔ የምስለው እሷ ያመጣችውን ነው።

ከፎቶግራፉ ወዲህ ግን አትቀልድም። ሕፃኗ ስትንፈራገጥ እግሮቿን ታያለች፤ ግራውን ከቀኙ ታስተያያለች። ሕፃኗ ዛሬ ትስቃለች፣ ነገ ትገለበጣለች፣ አጥንቷም ኮሚቴውን ሳይጠብቅ በየቀኑ ይጠነክራል፤ ከጠነከረ በኋላ ማንገቻው ጨርቅ ብቻ ነው። ባለቤቴም ባለፈው እያየቻት አንድ ነገር ብቻ አለች፦ «የእኔን ማንም አልሰማም፤ የሚሰማበት አልነበረውም። የእሷን ግን ሰምተው ነው ዝም ያሉት።» እኔም ብዕሬን አነሳሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በታላቅ ትሕትና አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ሪባኑ በክቡር እንግዳ ይቆረጥ ከተባለ፣ እንግዳው እስኪመጡ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ክብርት እንግዳ መጥታለች። ዐውደ ጥናት አላስቀራትም፣ መኪና አልተላከላትም፤ በገዛ እግሯ ነው የመጣችው፣ አዋላጆችዎ ምስክር ናቸው። ንግግር አታስረዝምም። ፎቶግራፏም ተነስቶ አልቋል። ከእርስዎ የሚጠበቀው አንድ ፊርማ ነው፤ ባለሙያዋ ያየችውን እንድትጽፍ። ከልጅ ልጄ ቀጥለው በዚያ በር ለሚያልፉት አራሶችም እንዲሁ። ፊርማ ከሥራ ብዛት የሚከብድዎ ከሆነ አውራ ጣትዎም ይበቃል፤ እኔ በእሱ ብዙ ዘመን ሠርቼበታለሁ፣ አያሳፍርም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ጥላው፣ ስለ ማስታወቂያው ውበት፣ ስለ ሪባኑ ቀለም፣ እንዲሁም የልጅ ልጄን ዝነኛ ስላደረጉልኝ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ፀሐይ ላይ ሆኜም ቢሆን መኪናዎ ባለፈች ቁጥር እጅ መንሳቴን የማላቋርጥ፣ የድንጋዬንም ድምፅ ካርቶኑ እስኪነቃ ዝቅ አድርጌ የምቆይ፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ ጎረቤት፣
መቀስና ቢላዋ ስሎ አዳሪ፣ የማታ ክፍል አለቃ (በአብላጫ ድምፅ)፣
ስለት ነኝ፤ በገዛ እጄ።

ግልባጭ፦
ለአስተዳደር ኮሚቴው፣ እጃቸውን ላወጡትም ላላወጡትም፤
ለበር ጥበቃው፣ ካነበበው በኋላ ጥላውን እንዲመልስልኝ፤
ለዋናው አዳራሽ ሰሌዳ፣ ከፎቶግራፉ ጎን እንዲለጠፍ።

ተጨማሪ፦ ለሪባኑ መቁረጫ የሚሆን መቀስ እንዳይቸግርዎ የባለቤቴን የስፌት መቀስ ስዬዋለሁ፤ እንኳን ሪባን ውሳኔም ይቆርጣል። ሰኞ ጠዋት ራሷ ይዛው ትመጣለች። ቢሮዎ ፎቅ ላይ መሆኑን፣ ሊፍቱም እንደማይሠራ ነግሬያታለሁ፤ «ቀስ ብዬ እወጣለሁ» ብላለች። ስለዚህ ሰኞ ከደረጃው በኩል ረገጥ፣ ሳብ፣ ረገጥ፣ ሳብ የሚል ኮቴ ቢሰሙ ጸሐፊዎን ማነው ብለው አይጠይቁ፣ ስብሰባ ላይ ናቸውም አያስብሉ፤ እስክትደርስ ድረስ ዝም ብለው ያዳምጡ። በድምፅ የሚደረግ የዳሌ ምርመራ እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ሳይመረቅ ነው ሥራ የጀመረው።